ቁንጫዋን ስትመርጡ፦ ሶፕራኖ፣ ኮንሰርት፣ ቴነር ወይስ ባሪቶን?

ሰሞኑን አንድ ጓደኛዬ ደወለና "ኡኩሌሌ ልገዛ ነው፣ የቱን ልግዛ?" አለኝ። ኡኩሌሌ አራት ክር ያላት፣ ጊታር የምትመስል ትንሽ የሃዋይ መሣሪያ ናት፤ ከትንሿ ሶፕራኖ እስከ ትልቁ ባሪቶን በአራት መጠን ትሠራለች። "ምን ልትጫወትባት አስበህ ነው?" አልኩት። ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ "እጄ ትልቅ ነው እኮ፣ ትልቁ ይሻለኛል መሰለኝ" አለ።

ይሄን መልስ ስንቴ እንደሰማሁት! ሱቅ ስትገቡም ሻጩ ቀድሞ የሚያየው እጃችሁን ነው፣ ጫማ የሚለካላችሁ ይመስል። እኔ በዚህ አልስማማም። በእጅ ቢሆን ኖሮ የሃዋዩ እስራኤል ካማካዊዎኦሌ ኡኩሌሌ ባልነካ ነበር። ክብደቱ ከ300 ኪሎ በላይ የደረሰ ሰው ነው፣ መሣሪያዋ ደረቱ ላይ ስትታይ የልጅ መጫወቻ ነበር የምትመስለው፣ ግን በ1993 በወጣው አልበሙ ውስጥ በእሱ ድምፅና በእሷ ብቻ የተቀዳው ዘፈን ዓለምን ዞረ። ስለዚህ እጃችሁን እርሱት። ጥያቄው ሌላ ነው፦ እየዘፈናችሁ ልታጅቡባት ነው ወይስ ዜማውን ራሱን በክሯ ልታወጡት? ከየት እንደመጣችና ለምን እንዳደገች ካወቃችሁ ምርጫው ግማሹ አለቀ ማለት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሦስቱ አናጺዎች

ኦገስት 23 ቀን 1879 ራቨንስክራግ የምትባል መርከብ ሆኖሉሉ ደረሰች። የተነሳችው ከፖርቱጋሏ የማዴራ ደሴት ነው፣ መንገዱ አራት ወር ፈጅቷል። ከ400 በላይ ሰው ነበር የጫነችው፣ አብዛኛውም ሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ ሊሠራ የተዋዋለ። መካከላቸው ሦስት የቤት ዕቃ አናጺዎች ነበሩ፦ ማኑኤል ኑኔስ፣ አውጉስቶ ዲያስና ጆዜ ዶ ኢስፒሪቶ ሳንቶ። ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የሆኖሉሉ ጋዜጣ ከማዴራ የመጡት ሰዎች በየምሽቱ መንገድ ላይ በሚጫወቱት ሙዚቃ ከተማውን እያስደሰቱ እንደሆነ ጻፈ። ስማቸውን እንኳ በቅጡ ሳያውቅ ነው ሙዚቃቸውን የወደደው።

ይዘውት የመጡት መሣሪያ ማሼቴ ይባላል፣ አራት ክር ያላት ትንሽዬ ነገር። ራዣው የሚባል ባለ አምስት ክር ታላቅ ወንድምም አላት። ሦስቱ አናጺዎች የአገዳው ሥራ ሲያበቃ ወደ ሙያቸው ተመለሱ፣ በ1880ዎቹም ሆኖሉሉ ውስጥ ሱቅ ከፍተው መሥራት ጀመሩ። ቅርጹን በአብዛኛው ከማሼቴ ወሰዱ፣ ቅኝቱን ደግሞ ከራዣው። እንጨቱን ግን ከአገሩ ነው የወሰዱት፤ ኮአ ይባላል፣ ሃዋይ ብቻ የሚበቅል ዛፍ ነው። የሚገርማችሁ ኮአ የግራር ዘመድ ነው። ቅጠሉንና ቁመቱን አይታችሁ ግራር ላትሉት ትችላላችሁ፣ ዘሩ ግን እዚያው ነው።

ከዚያ የሃዋይ ንጉሥ ገባበት። ካላካዋ ሙዚቃ የሚወድ፣ ራሱም ዜማ የሚደርስ ንጉሥ ነበር። ሚሲዮናውያን ነውር ያሉትን የሃዋይ ጭፈራ ሁላን ወደ አደባባይ የመለሰው እሱ ነው፣ ኡኩሌሌንም ቤተ መንግሥት ድግስ ላይ አስገባት። ንጉሥ የወደደውን ማን ይጠላል? የስደተኛ መሣሪያ በአሥር ዓመት ውስጥ የአገር መሣሪያ ሆነች። ባይገርማችሁ ዛሬ ሃዋይን ያለ እሷ የሚያስብ የለም።

ስሙ በሃዋይ ቋንቋ "የምትዘል ቁንጫ" ማለት ነው፤ ኡኩ ቁንጫ፣ ሌሌ መዝለል። ጣቶቹ ክሩ ላይ ሲዘሉ አይተው ነው ይላሉ። ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ፣ የካላካዋ እህትና በ1893 ከዙፋኗ የተገለበጠችው የመጨረሻዋ ንግሥት፣ ቁንጫውን አልወደደችውም። ኡኩ "ስጦታ" ማለትም ስለሆነ "እዚህ የመጣ ስጦታ" ብላ ነበር የምትፈታው። የንግሥቷ ፍቺ ያምራል፣ ሕዝቡ ግን ቁንጫውን መረጠ። አሜሪካኖች "ዩከሌሊ" ይሏታል፤ እኛ ግን ፊደላችን ስለሚችል የባለቤቶቹን አጠራር መያዝ እንችላለን።

ሶፕራኖ፦ ዋናዋ

እነዚያ አናጺዎች የሠሯት ዛሬ ሶፕራኖ የምንላት ናት። ጠቅላላ ርዝመቷ 53 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ የሚርገበገበው ክር ደግሞ 35 ገደማ። ድምፅዋ አጭር ነው፤ ትንሽ ጮህ ትልና ወዲያው ትጠፋለች። ብዙ ሰው ይሄን እንደ ጉድለት ያየዋል። ለኔ ግን ጥቅሟ እዚያ ላይ ነው። ድምፁ ስለማይንጠለጠል ምቱ ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ቶሎ ቶሎ ስትመቷት ከበሮም ክርም ትሆናለች። እናንተ እየዘፈናችሁ እሷ ከሥር ብታጅብ ከድምፃችሁ ጋር አትሻማም።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፣ ለመግዛት ይጠቅማችኋል። ማርቲን የተባለው የአሜሪካ ጊታር ሠሪ በ1907 አካባቢ ኡኩሌሌ ሞከረ። እንደ ጊታር አድርጎ ነው የሠራት፦ ፊቷ ስፕሩስ የሚባለው እንጨት፣ ከውስጥ ብዙ ደጋፊ እንጨት የተለጠፈባት። ታፈነች፣ ማንም አልፈለጋትም። ድርጅቱ ተመልሶ ሲሠራት ድጋፉን ቀነሰ፣ ማሆጋኒ ተጠቀመ፣ ያኔ ድምፅ ወጣት። ጊዜውም አገዘው። በ1915 ሳን ፍራንሲስኮ የፓናማ ቦይ መከፈትን ለማክበር ትልቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ተዘጋጅቶ ነበር፣ የሃዋይ ድንኳን ደግሞ ሙዚቀኞቹን ይዞ ሄዶ አሜሪካን አሳበደ። ከዚያ በኋላ በየቤቱ ኡኩሌሌ ሆነ። እናም ሱቅ ውስጥ ሶፕራኖ ስታነሱ ቀለል ካላለቻችሁ መልሳችሁ አስቀምጧት። ከበድ ያለች ሶፕራኖ የማርቲንን የ1907 ስህተት የደገመች ናት።

ችግሯ ምንድነው? ፍሬቶቹ፣ ማለትም አንገቷ ላይ ያሉት የብረት መስመሮች፣ ይጠባበባሉ። ታች አካባቢ ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚመቱ ድምፆች፣ ለመያዝ ምንም አይደለም፤ ዶ ሜጀር በአንድ ጣት ይያዛል እኮ። ከአሥረኛው ፍሬት በላይ ግን ጣት ለጣት ይደራረባል። ክሩ አጭር ስለሆነም ትንሽ ጠበቅ አድርጋችሁ ከያዛችሁ ቅኝቱ ወጣ ይላል። ዜማ ለሚያወጣ ሰው ይሄ አድካሚ ነው።

ኮንሰርት፣ ቴነር፣ ባሪቶን

በ1920ዎቹ መድረክ ላይ የሚጫወቱ ሰዎች የበለጠ ድምፅና የበለጠ ቦታ ፈለጉ። ኮንሰርትና ቴነር የመጡት ያኔ ነው። ኮንሰርት 58 ሴንቲ ሜትር አካባቢ፣ ቴነር 66 አካባቢ ናቸው። ከሶፕራኖ ጋር ሦስቱም የሚቃኙት አንድ ዓይነት ነው፣ ስለዚህ በአንዷ የተማራችሁት በሌላዋ ይሠራል።

ኮንሰርትን ሁሉም ሰው "ለጀማሪ ጥሩ ነው" ይላል። እውነት ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ምክሩ የሚመጣው መወሰን ካቃተው ሰው ነው። የሶፕራኖ ምት ትንሽ ይቀንስባታል፣ የቴነር ርዝመት ደግሞ አይደርስባትም። ከልጃችሁ ጋር እየተቀባበላችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ግዟት። ልባችሁ ግን ማጀብ ላይ ወይም ዜማ ላይ ካዘነበለ መሃሉን ትታችሁ ወደዚያው ሂዱ።

ቴነር የዜማ ሰው መሣሪያ ናት። ክሩ 43 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ስትነኩት ድምፁ ይቆያል፣ ጣታችሁም ወደ ላይ ሲወጣ መሬት አያጣም። ጄክ ሺማቡኩሮን ካያችሁት ይገባችኋል። የሆኖሉሉ ልጅ ነው፣ በ2006 ኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የተጫወተው ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ ብዙ ሰው "ለካ ይሄ መጫወቻ አይደለም!" ያለው ያኔ ነው። የያዛት ቴነር ናት።

ባሪቶንን "እሷ" ለማለት አፌ አይታዘዝልኝም። 76 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የመጣውም በ1940ዎቹ ነው። ቅኝቱ የሌላ ነው፦ የጊታር የታችኞቹ አራት ቀጫጭን ክሮች፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ። ጊታር የምትችሉ ከሆነ ዛሬውኑ አንስታችሁ ትጫወቱበታላችሁ። ድምፁ ሞቅ ያለ፣ ወፈር ያለ ነው፣ ለወንድ ድምፅ በጣም ይስማማል። ግን እዚያ ውስጥ ቁንጫዋን አልሰማትም። ጊታር ካላችሁ ባሪቶን ለምን እንደሚያስፈልጋችሁ አንድ ሰው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ከእነዚህ ውጭ ሳጥኗ እንደ አናናስ የተሠራች አለች፣ ሳሙኤል ካማካ በ1920ዎቹ ያወጣት። በ1916 የጀመረው የካማካ ቤተሰብ ዛሬም ሆኖሉሉ ውስጥ እየሠራ ነው። እንግሊዛዊው ጆርጅ ፎርምቢ ያስወደዳት የባንጆ ሆድ ያላት ደግሞ አለች፤ ጎረቤት ከሌላችሁ ግዟት።

የሶል ክር ጉዳይ

ከመሣሪያዋ መጠን ይበልጥ የሚያከራክረው ይሄ ነው፣ ሻጮች ግን አይነግሯችሁም። የኡኩሌሌ ቅኝት ከላይ ወደ ታች ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ ነው። እንደ ጊታር ከወፍራም ወደ ቀጭን የሚሄድ ይመስላችኋል። አይደለም። የመጀመሪያው ሶል ቀጭን ነው፣ ከዶም ከሚም በላይ ይጮኻል። ወፍራሙ ድምፅ ሁለተኛው ክር ላይ ያለው ዶ ነው። ይሄ ከራዣው የተወረሰ ነገር ነው፣ ያቺን የምትፍለቀለቅ የኡኩሌሌ ድምፅ የሚሰጠውም እሱ ነው። አሜሪካኖች ሲቃኙ በእነዚህ አራት ድምፆች "ውሻዬ ቁንጫ አለበት" እያሉ ያዜማሉ።

ሁለተኛው አማራጭ ያንን ክር አውጥቶ ወፍራም ሶል ማሰር ነው። ያኔ ቅኝቱ ቀጥ ብሎ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል።

የትኛው? እዚህ ላይ የኛን ሙዚቃ ላምጣው፣ ምክንያቱም ነገሩ ወለል ብሎ የታየኝ በትዝታ ነው። ሜጀር ትዝታ አምስት ድምፅ አለው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። አሁን የኡኩሌሌን ክሮች መልሳችሁ እዩ፤ ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ። አራቱ እዚያው ናቸው! ምንም ሳትይዙ ክሮቹን ብትነኩ ከትዝታ አምስት ድምፆች አራቱ ይወጣሉ። የጎደለው ሬ ብቻ ነው፣ እሱም የዶ ክር ሁለተኛ ፍሬት ላይ ቁጭ ብሏል። ይሄን ያገኘሁ ቀን ማታውን ሙሉ ስደረድር አመሸሁ። ማዴራ ላይ የተወለደ፣ ሃዋይ ላይ ያደገ ቅኝት እቤቴ ገብቶ ትዝታ ሲሆን ምን ልበላችሁ። በአጋጣሚ ነው፣ ግን ደስ የሚል አጋጣሚ ነው። ከላ ብትነሱ ደግሞ ያው አምስት ድምፅ ማይነር ባቲ ይሆናል።

ታዲያ ችግሩ ይመጣል። በቀጭኑ ሶል ስትጫወቱ መሣሪያዋ ከዶ በታች መውረጃ የላትም። ዜማው ከዶ ወደ ላና ወደ ሶል ዝቅ ሲል፣ ያ ሆድ የሚያባባው ቦታ ላይ ሲደርስ፣ እናንተ በግድ አንድ እርከን (ኦክታቭ) ወደ ላይ ዘልላችሁ ትይዙታላችሁ። ዘፈኑ ሲያለቅስ እናንተ ትስቃላችሁ ማለት ነው። ወፍራም ሶል ካሰራችሁ ግን ባዶውን ክር ብትነኩ ሶል፣ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ላ ታገኛላችሁ። ወረደ ማለት ነው። ስለዚህ ትዝታ፣ ባቲ፣ የመዝሙር ዜማ የምታወጡ ከሆነ ቴነር በወፍራም ሶል። ኮርድ እየመታችሁ የምትዘፍኑ ከሆነ ሶፕራኖ በቀጭን ሶል። (ሺማቡኩሮ ግን ያንን ሁሉ ዜማ የሚያወጣው በቀጭኑ ነው። እሱ እሱ ነው።)

ክራር የምትደረድሩ ካላችሁ አንድ ነገር ግራ ያጋባችኋል። ክራር ሲመታ ግራ እጅ የማትፈለገውን ክር ያፍናል፣ የተለቀቀው ይጮኻል። ኡኩሌሌ ላይ ተቃራኒው ነው፣ የያዛችሁት ነው የሚጮኸው። ጣት ለመላመድ ጊዜ ይወስዳል። ደግሞ ፍሬቱ ብረት ስለሆነ የማሲንቆን መንሸራተት ከእሷ አትጠብቁ።

እንጨት ወይስ ኮምፖርሳቶ?

ሙሉ የኮአ እንጨት ቆንጆ ነው፣ አውቃለሁ። ሃዋይ የተሠራ ጥሩ ቴነር ግን ከ1,000 ዶላር ይበልጣል፣ ለጀማሪ ቅንጦት ነው። ሙሉ ማሆጋኒ በጣም ያንሳል፣ ድምፁም ለስለስ ያለ ነው። ሙሉ እንጨት ይተነፍሳል፤ አየሩ በጣም ሲደርቅ ይሰነጠቃል። መኪና ውስጥ፣ መስኮት ሥር፣ ማሞቂያ አጠገብ አይተውም። አየሩ ደረቅ የሆነበት አገር ወይም ክረምቱን ሙሉ ማሞቂያ የሚበራበት ቤት የምትኖሩ ይሄን ሁለቴ አንብቡት።

ኮምፖርሳቶ፣ ማለትም ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀው፣ ርካሽ ስለሆነ ይናቃል። ድምፁ ትንሽ ደረቅ ነው። ግን አይሰነጠቅም፣ ልጅ ሶፋ ላይ ቢወረውረው ይኖራል። ከ50 እስከ 100 ዶላር ባለው ዋጋ መካከል ለመጀመሪያ የምመክረው እሱን ነው። "ፊቷ ሙሉ እንጨት፣ ጎንና ጀርባዋ ኮምፖርሳቶ" የሚለው ደግሞ ጥሩ መካከለኛ ነው፣ ድምፁን በአብዛኛው የሚሠራው ፊቷ ነውና።

ፕላስቲክም አትናቁ። ማሪዮ ማካፌሪ የሚባል ጣሊያን ተወልዶ አሜሪካ የሠራ የጊታር ባለሙያ በ1949 የፕላስቲክ ኡኩሌሌ አወጣ፣ አርተር ጎድፍሬይ ደግሞ ቴሌቪዥን ላይ ኡኩሌሌ ያስተምር ስለነበር በሚሊዮን የሚቆጠር ተሸጠ። የአንድ ትውልድ አሜሪካዊ ልጅ ሙዚቃ የጀመረው በእሷ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት

የኔ የመጀመሪያዋ ሶፕራኖ ከአንድ የኢንተርኔት ሱቅ የመጣች ናት። ቀለሟ ሰማያዊ፣ ዓሣ የተሳለባት። ሦስት ወር ሙሉ ፋ ኮርድ ስይዝ ይጎረብጠኝ ነበር፣ ጆሮዬ ይሁን ጣቴ አላውቅም፣ ብቻ ጥፋቱ የኔ መሰለኝ። ልተዋትም ነበር። አንድ ጊታር የሚጠግን ሰው አይቶ ሳቀ። አንገቷ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉባት ነጭ ነገር አለች፣ እሷ ከፍ ብላ ነው የተሠራችው። ክሩ ስለራቀ የመጀመሪያውን ፍሬት ስይዝ ክሩ ይወጠራል፣ ድምፁ ወደ ላይ ይሸሻል። በትንሽ ሞረድ አሥር ደቂቃ ሠራትና ሌላ መሣሪያ ሆነች።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ይሄን አድርጉ። ቃኙና የእያንዳንዱን ክር የመጀመሪያ ፍሬት ያዙ፤ ቀለል ብሎ ከተያዘ ደህና ነው፣ ጣት የሚያሳምም ከሆነ ግን ጠርጥሩ። ስልካችሁ ላይ ያለው መቃኛ ከፍ ብሏል ካላችሁ አበቃ። ከዚያ ባዶውን ክር ንኩና አሥራ ሁለተኛውን ፍሬት ይዛችሁ ድገሙት፤ ያው ድምፅ አንድ እርከን ከፍ ብሎ መምጣት አለበት። የመወጠሪያ ቁልፎቹን አዙሩ፣ የሚያንሸራትት ካለ ተዉት። የብረት ክር ደግሞ በፍጹም አታስሩባት፣ ጉልበቱን አትችለውም፣ ፊቷ ይነሳል። ድሮ የአንጀት ጅማት ነበር የሚታሰርባት፣ ዛሬ ናይለን ወይም ያንን የሚመስል ነው።

ጓደኛዬ በመጨረሻ ምን እንደሚፈልግ ነገረኝ። እናቱ ቡና እያፈላች የምታንጎራጉራቸውን ዜማዎች ማውጣት ነው የፈለገው። ቴነር በወፍራም ሶል አልኩት። ገዛ። በሦስተኛው ቀን ደወለ፣ ተናዷል። "አጭበረበሩኝ፣ ቃኝቻት ቡና ሳልጠጣ ትወርዳለች!" ክሩ አዲስ ነው፣ ይለጠጣል፤ አንድ ሳምንት እየቃኘህ ተጫወት፣ ራሱ ይረጋል አልኩት። ዛሬ ስድስተኛ ቀኑ ነው፣ ገና መልሶ አልደወለም።